«ሠራተኛ ላይ ሲሆንም ይሠራል ወይ?»

የማርቆስ_ልጅ
ኅዳር 29፣ ማታ 2:40

ሰላም ለዚህ ቤት። ጽሑፌ ረዘም ይላል፣ ታገሱኝ።

ባለፈው ሳምንት እዚሁ ደብረ ማርቆስ አንድ ስብሰባ ላይ ነበርኩ። በየዓመቱ ከኅዳር 16 እስከ ታኅሣሥ 1 የሚደረገው፣ በሴቶች ላይ የሚደርሰውን ጥቃት የሚቃወመው የ16 ቀን ዘመቻ አካል ነው። አዳራሹ ጢም ብሏል። ሁላችንም ነጭ ሪባን አድርገናል። የተናገሩት ሰዎች ከልባቸው ነው የተናገሩት፣ ይህን አልክድም። ግን ሁለት ሰዓት ሙሉ የተወራው ስለ አንድ ዓይነት ልጅ ብቻ ነው። ተማሪ ናት። አላገባችም። እናትና አባቷ የታወቁ ጨዋዎች ናቸው። ማታ ከቤተ መጻሕፍት ስትመለስ የማታውቀው ሰው መንገድ ላይ ጠብቆ ያዛት። ሮጣ ለፖሊስ ነገረች።

እንዲህ ያለች ልጅ አለች። አንጀቴን ትበላኛለች። ግን እዚህ ከተማ ስኖር በጆሮዬ የሰማኋቸው አብዛኞቹ ታሪኮች እንደሷ አይደሉም።

ለእረፍት ስንወጣ ቡና ቀረበ። የምታድለው ልጅ 20 ዓመት ቢሆናት ነው። ስኒዬን ስመልስላት፣ ትሪውን እንደያዘች ዝቅ ብላ «እትዬ፣ ይሄ የሚሉት ነገር ሠራተኛ ላይ ሲሆንም ይሠራል ወይ?» አለችኝ።

«አዎ፣ እንዴታ» አልኳት። ሌላ ምንም አልመጣልኝም። ዓይኔን አየችኝና ስኒ መቁጠር ጀመረች። ሁለት ጎደለባት። እሱን ፍለጋ ወንበር ለወንበር ዞረች። ስብሰባው ሲያበቃ ጓዳ ገብቼ ፈለግኋት፣ ሄዳለች።

እቤት ገብቼ ሕጉን አወጣሁ። የ1996ቱ የወንጀል ሕግ አንቀጽ 620 አስገድዶ መድፈርን ከ5 እስከ 15 ዓመት ጽኑ እስራት ይቀጣል። ጥቃቱ የደረሰው በሰውየው ቁጥጥር ሥር ባለች ወይም የሱ ጥገኛ በሆነች ሴት ላይ ከሆነ ግን ቅጣቱ እስከ 20 ዓመት ይሄዳል። በእርጅና ወይም በሕመም ምክንያት ራሷን መከላከል ያልቻለች ሴትም እዚያው ተጽፋለች። ለልጅቷ «ሠራተኛ ላይ ሲሆን እንዲያውም ይከብዳል» ማለት እችል ነበር። አላወቅኩም። አዳራሹ ውስጥም ያነሳው የለም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ ነስቶኛል። ስለዚህ ልጠይቃችሁ። ጎጃም ውስጥ ስለዚህ ነገር ስናወራ ያላወራንላቸው፣ ይልቁንም ያላዋራናቸው እነማን ናቸው? የምታውቁትን ጻፉ። እባካችሁ ስም፣ ቀበሌ፣ ሰው የሚያስለይ ነገር እንዳትጽፉ።

—

አባይ_ማዶ
ኅዳር 29፣ ማታ 3:15

እህቴ፣ ሐሳብሽ ቅን ነው። ግን የኛ ሰው ነውር የሚያውቅ ሰው ነው። ገመናን አደባባይ ማውጣት ልጅቱን ዳግም መጉዳት እንዳይሆን እፈራለሁ። ከተማችን ትንሽ ናት፣ ሁሉም ይተዋወቃል። ነገ ማን ያገባታል? እሱንም አስቡበት።

—

የማርቆስ_ልጅ
ኅዳር 29፣ ማታ 3:32

ወንድሜ፣ መተዋወቃችን ላይ ልክ ነህ። ስም አይጻፍ ያልኩት ለዚያ ነው። ግን «ማን ያገባታል» የምንለውን ልብ በለው። በዚህ ጥያቄ ብቻ ስንቱን አስወጣን። ያገባችው ወጣች። ባሏ የሞተባት ወጣች። እማሆይ ወጡ። ቡና ቤት የምትሠራዋም ወጣች፣ መቼም ለእሷ «ማን ያገባታል» ብሎ የሚጨነቅላት የለም። ወንድ ልጅማ ከነጭራሹ አልገባም። የምንጨነቀው ለጋብቻዋ ከሆነ፣ ጋብቻ ለማይጠበቅላቸው ሰዎች አንጨነቅም ማለት ነው።

—

ገጠር_ነርስ
ኅዳር 30፣ ጠዋት 1:10

ምሥራቅ ጎጃም፣ ገጠር ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። የሌሊት ተረኛ ነበርኩ፣ ሳልተኛ ልጻፍ።

እኔ ስለ ሰዓት ላውራ። ኤች አይ ቪ እንዳይዛት የሚሰጠው መድኃኒት በ72 ሰዓት ውስጥ መጀመር አለበት። በፈጠነ ቁጥር ይሻላል፣ ከዚያ 28 ቀን ይወሰዳል። ድንገተኛው የእርግዝና መከላከያ እስከ 5 ቀን ድረስ ይሰጣል፣ እሱም ሲዘገይ ኃይሉ ይቀንሳል። ልብሷን ሳታጥብ፣ ገላዋን ሳትታጠብ ብትመጣ ለማስረጃ ጥሩ ነው። ታጥባም ከሆነ ትምጣ። አብዛኞቹ ታጥበው ነው የሚመጡት፣ ማን ይፈርድባቸዋል?

እንግዲህ በ72 ሰዓት የምትደርሰው ማን ናት? እናቷ እጇን ይዛ የምታመጣት ናት። ሰው ቤት ያለችው ልጅ እሑድን ትጠብቃለች። ማክሰኞ ሌሊት የሆነባት ልጅ እሑድ ስትመጣ አምስተኛ ቀኗ ነው። ከ2015 መጨረሻ ወዲህ ባለው ግጭት ደግሞ መንገድ የሚዘጋበት ጊዜ አለ። ሁለት ቀን በእግሯ ተጉዛ የደረሰች አይቻለሁ። ጫማዋን በእጇ ይዛ ነበር።

አንድ ነገር ሁልጊዜ ይቆጨኛል። ካርድ ክፍላችን መስኮቱ ከወረፋው ጋር ፊት ለፊት ነው። «ምንሽን ነው የሚያምሽ?» ብሎ ይጠይቃል፣ ሃያ ሰው ይሰማል። አንዲት ከ60 ዓመት ያለፉ እናት ሦስት ጊዜ መጡ። ሦስቱንም ጊዜ «ሆዴን» አሉ። የጨጓራ መድኃኒት ሰጥተን መለስናቸው። በሦስተኛው ቀን ብቻችንን ስንሆን ነጠላቸውን በአፋቸው ይዘው ዝም አሉ። ያን ጊዜ ገባኝ። ብቻቸውን ነው የሚኖሩት። እኔ ስማር በዚያ ዕድሜ ያለችን ሴት እንዲህ ብለሽ ጠይቂ ያለኝ መምህር የለም።

ሌላም የማይታወቅ ነገር ልጨምር። በመደፈር የተፀነሰ ጽንስን ማቋረጥ ሕጉ ይፈቅዳል፣ አንቀጽ 551 ነው። ማስረጃ አምጪ አትባልም። አንቀጽ 552 የእሷ ቃል ብቻ ይበቃል ይላል። ይህን የማያውቅ ባለሙያ እንኳ አለ።

—

ሕግ_ተማሪ
ኅዳር 30፣ ጠዋት 4:05

የገጠር ነርሷ ያለችው ልክ ነው። ስለ እናትየዋ የጻፈችው አንድ ነገር አስታወሰኝ።

በ2008 የተደረገው የሥነ ሕዝብና የጤና ዳሰሳ ለመጀመሪያ ጊዜ ስለ ቤት ውስጥ ጥቃት ጠይቆ ነበር። ከ100 ሴቶች 10ሩ ወሲባዊ ጥቃት ደርሶብናል አሉ። ይህን ቁጥር ስብሰባ ላይ ሁላችሁም ሰምታችሁታል። የተጠየቁት ግን ከ15 እስከ 49 ዓመት ያሉ ሴቶች ናቸው፣ ያውም ከአንድ ቤት አንዲት ሴት። ነርሷ የጻፈችልን እናት ከ60 ዓመት ያለፉ ናቸው፣ አልተጠየቁም። ወንድ በዚህ ጥያቄ አልተጠየቀም። የጥናት ሠራተኛ የሚያንኳኳው የቤት በር ነው፣ ጎዳና የምታድረው ልጅ ደግሞ በር የላትም። ጥናቱ መጥፎ ነው እያልኩ አይደለም፣ ለዓላማው ትልቅ ሥራ ነው። ግን ቁጥሩን ስንጠራ ማን ውስጡ እንደሌለ አብረን ብንጠራ።

ሕጉ ላይም ቀዳዳ አለ። አንቀጽ 620 «ከጋብቻ ውጪ» ይላል። ባል ሚስቱን ቢያስገድድ በዚህ አንቀጽ አይከሰስም።

—

አባይ_ማዶ
ኅዳር 30፣ ጠዋት 4:20

ባልና ሚስት መካከል ደግሞ ምን ሊባል ነው? ይሄማ የትዳር ጉዳይ ነው።

—

የቡሬዋ
ኅዳር 30፣ ጠዋት 4:51

አያ፣ እኔ በልጅነቴ ነው የተዳርኩት። ዛሬ የ4 ልጆች እናት ነኝ። «የትዳር ጉዳይ ነው» የሚለውን የሰማሁት ከእናቴም፣ ከነፍስ አባቴም፣ ከጎረቤቴም ነው። አሁን ከእርስዎ። ከዚህ በላይ አልጽፍም፣ ስልኩ የጋራ ነው።

—

አባይ_ማዶ
ኅዳር 30፣ ጠዋት 5:30

እህቴ፣ ይቅርታ። የምመልሰው የለኝም። አነበዋለሁ እንጂ ከዚህ በኋላ በዚህ ላይ አልናገርም።

—

እጅ_ያወራል
ታኅሣሥ 1፣ ከሰዓት 9:20

ታላቅ እህቴ መስማት የተሳናት ናት። ትምህርት ቤት አልገባችም። ገጠር ነው ያደግነው፣ ያን ጊዜ ለእሷ የሚሆን ትምህርት ቤት በአካባቢያችን አልነበረም። እኔና እናቴ የምናወራት ቤት ውስጥ በለመድነው ምልክት ነው። እናታችን ማለት የሻሽ አስተሳሰር ነው። ላም ማለት ቀንድ ነው። እኔ ማለት ግንባሬ ላይ ያለው ጠባሳ ነው።

የሆነባት የዛሬ ስንት ዓመት ነው። ያደረገው ዘመድ ነው። እሱን የምትጠራው አገጯን በሁለት ጣት እየጎተተች ነው፣ ጺም አለው። ፖሊስ ጋ ስንሄድ ጺሙን አሳየች፣ ከዚያ በሩን አሳየች፣ ከዚያ እጇን አፏ ላይ አድርጋ ጫነች። ለእኔ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ነገር የለም። ቃል የሚቀበለው ሰው እስክሪብቶውን ይዞ ጠበቀ። «ምን አለች?» አለኝ። ነገርኩት። «አንተ ቤተሰብ ነህ፣ ያንተ ትርጉም አይሆንም» አለ። እውነት አለው። የምልክት ቋንቋ አስተርጓሚ ከየት ይምጣ? ከብዙ ቀጠሮ በኋላ አንድ ሰው ተገኘ፣ የተማረ ልጅ ነው፣ የሚያውቀው ግን የተማሩት የሚያወሩትን የምልክት ቋንቋ ነው። እሷ ያንን አታውቀውም። ተያዩ፣ ሁለቱም እጃቸውን አወረዱ።

«ቀኑ መቼ ነበር?» ሲሏት ማጭድ ይዛ እንደማጨድ አደረገች፣ ከዚያ ጣቷን ቆጠረች። የጤፍ አጨዳ ጊዜ፣ ሦስተኛው ቀን ማለቷ ነው። መዝገቡ ላይ የተጻፈው «ተበዳይዋ መናገር አልቻለችም» የሚል ነው። እህቴ ያን ዕለት ግማሽ ቀን ሙሉ ተናግራለች። ክንዷ ዝሎ ማታ እንጀራ መቁረስ አቅቷት ነበር።

በኋላ አንድ ጠበቃ የነገረኝ ነው። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 20 ላይ፣ ችሎቱ በማይገባው ቋንቋ ከሆነ መንግሥት ከፍሎ አስተርጓሚ ያቆምለታል ይላል። ለማን? ለተከሰሰው ሰው። አንቀጹ የተከሰሱ ሰዎች መብት ነው። ተበዳይዋ እዚያ የለችም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት በ2002 ተቀብላለች፣ እሱ ላይ ፍትሕ ለሁሉም እኩል ይድረስ ተብሏል። ለእህቴ ግን አልደረሰም።

ምን ይሻላል ካላችሁ፣ አንድ አስተርጓሚ አይበቃም። የተማረው አስተርጓሚ አለ፣ ከሱ ጎን ደግሞ ራሱ የማይሰማ፣ ገጠር ያደገ፣ ያልተማሩትን ምልክት ማንበብ የሚችል ሰው መኖር አለበት። እሱ ከእህቴ ይቀበላል፣ ለአስተርጓሚው ይሰጣል። አዝጋሚ ነው። ግን ይደርሳል።

—

የገጠር_ልጅ_12ኛ
ታኅሣሥ 1፣ ከሰዓት 10:02

አንብቤ ስልኬን አስቀመጥኩ። ክንዷ ዝሎ ያልከው ከአእምሮዬ አልወጣም።

እኛም አለን። ከገጠር መጥተን ከተማ ቤት ተከራይተን የምንማር። ስንቃችንን በየሳምንቱ ተሸክመን እንመጣለን። አከራዩ ሌሊት በር ሲያንኳኳ ለማን እንነግራለን? ለአባቴ ብነግረው ትምህርቴን አስቁሞ ወደ አገር ይወስደኛል። ስለዚህ ሦስት ሆነን አንድ ክፍል እንከራያለን። መፍትሔያችን እሱ ነው።

—

ሽማግሌ_ነኝ
ታኅሣሥ 2፣ ማታ 1:45

ልጆቼ፣ ይህን የሚጽፍልኝ የልጅ ልጄ ነው። ያነበበልኝም እሱ ነው።

እኔ በአገሬ ከ30 ዓመት በላይ ሽምግልና ተቀምጫለሁ። መሬትም፣ ደምም፣ ትዳርም አስታርቄያለሁ። እንዲህ ያለ ነገርም ገጥሞኛል፣ አልደብቅም።

አንድ ጊዜ ዋርካው ሥር ተቀመጥን። የልጅቱ አባት አለ፣ የልጁ አባት አለ፣ አጎቶች አሉ፣ ቄሱ መስቀላቸውን ይዘው አሉ። ከሁለቱም ወገን ጠብመንጃ ያነገተ ነበር። እኛ የፈራነው ደም ነው። አንድ ሰው ከወደቀ በኛ አገር ስንት ቤት እንደሚዘጋ ታውቃላችሁ። ስለዚህ ካሳ ቆረጥን፣ መስቀል አሳለምን፣ አስታርቀን ተነሳን። ሁለት ዘመድ ከመገዳደል አዳንን ብለን ደስ ብሎን በላን ጠጣን።

ማታ ባለቤቴ «ልጅቱን አያችኋት?» አለችኝ። አላየናትም። የበላነውን እንጀራ ስትጋግር የነበረችው እሷ ናት። ሌላ ጋጋሪ ስላልነበረ እሷው ገባች። ካሳውን አባቷ ወሰደ፣ በሬ ገዛበት።

ይህን ስናገር ያመኛል። ሰው አልበደልንም ብዬ ነበር የማስበው። ደም እንዳይፈስ መቀመጣችን ትክክል ነበር፣ ዛሬም እቀመጣለሁ። የሷ ነገር ግን በእኛ እጅ የሚያልቅ አልነበረም። ይህን ነው ያልለየነው።

—

ሕግ_ተማሪ
ታኅሣሥ 2፣ ማታ 2:30

አባባ፣ እግዚአብሔር ያክብርልን። ሕጉም እርስዎ የለዩትን ይለያል። አስገድዶ መድፈር ተበዳይ ሲተወው የሚቀር የግል አቤቱታ ጉዳይ አይደለም። ቤተሰብ ታረቀም አልታረቀም ዐቃቤ ሕግ ይከሳል። በ1949ኙ ሕግ ጠልፎ የደፈረ ሰው ልጅቱን ካገባት ከቅጣት የሚያመልጥበት መንገድ ነበር። የ1996ቱ ያንን አውጥቶታል። ጠለፋ ለብቻው ከ3 እስከ 10 ዓመት ያስቀጣል፣ ከደፈራት ደግሞ ለመድፈር በተደነገገው ቅጣት ይቀጣል።

ወረቀት ላይ ነው እንዳትሉኝ። ወረቀት ላይ መሆኑን ለማታውቅ ሴት ወረቀቱም የለም።

—

አፈር_ቤት
ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት 3:10

አባባ ስለ ዋርካው ሲናገሩ አንድ ነገር ልበል። እናቴ ሸክላ ትሠራለች፣ አያቴም ትሠራ ነበር። አባቴ ሸማኔ ነው። በምን ስም እንደሚጠሩን ጎጃም ያላችሁ ታውቃላችሁ። «ቡዳ» ይሉናል።

እዚያ ዋርካ ሥር የኛ ሰው አይቀመጥም። የኛ ልጅ ላይ ሲደርስ ካሳ የሚቆርጥ ሽማግሌ አይጠራም፣ የሚፈራ ደምም የለም፣ ምክንያቱም ከኛ ወገን ጠብመንጃ ያነገተ የለም። ገበያ ውላ፣ ምጣድና ጀበናዋን ሸጣ በመሸ መንገድ የምትመለስ ሴት ናት። ደፋሪው ቀን ከእጃችን ውሃ አይጠጣም። ለሰው ብትናገር «ከነሱ ጋር? አያደርገውም» ይላሉ። እሱን የሚያድነው የኛው ስድብ ነው።

ስለኛ አውሩ አልልም። እናቴን ጠይቋት። ቅዳሜ ገበያ ላይ አለች።

—

ቅኔ_ቤት_የነበርኩ
ታኅሣሥ 4፣ ሌሊት 6:55

ሦስት ቀን ጽፌ አጠፋሁ። ዛሬ አላጠፋም።

ወንድ ነኝ። ልጅ ሆኜ የቆሎ ተማሪ ነበርኩ። ቅኔ ለመማር ከቤት ርቄ ሄጄ ነው። የኔታ ደግ ሰው ነበሩ፣ ዛሬም አከብራቸዋለሁ፣ እሳቸው እንዳልሆኑ ይታወቅልኝ። ከእኛ ጋር የነበረ ትልቅ ሰው ነው። ስለሆነው ነገር አልጽፍም።

የምጽፈው ስለ ቃል ነው። ቅኔ ቤት ለሁሉም ነገር ቃል አለ። ሰሙን ወርቁን ስንቆጥር እናድራለን። እኔ ግን የሆነብኝን የምጠራበት ቃል አጣሁ። ሴት ስትሆን «ተደፈረች» ይባላል። ወንድ ልጅ ሲሆን ሰው አፉ ላይ የሚመጣው ቃል ጥፋቱን ልጁ ላይ የሚለጥፍ ነው። ሕጉም አንቀጽ 620 ላይ ሴት ብቻ ነው የሚለው። የወንድ ልጅ ጉዳይ ያለው 631 ላይ ነው፣ ርዕሱ ራሱ ስለ ግብረ ሰዶም የሚያወራ ነው። ቅጣቱ ከባድ ነው፣ እሱ ላይ ቅሬታ የለኝም። ግን አንድ የገጠር ልጅ በዚያ ርዕስ ሥር ስሙ እንዲጻፍ ፖሊስ ጋ ይሄዳል? እኔ አልሄድኩም። ለእናቴም አልነገርኳትም። ዛሬ 34 ዓመቴ ነው።

ስብሰባ ስትጠሩ ወንዶችን የምትጠሩት «አትድፈሩ» ልትሉን ነው። ያስፈልጋል፣ ልክ ነው። ከመካከላችን የሚሰማችሁ ሌላ ሰው እንዳለ ግን እወቁት።

—

የማርቆስ_ልጅ
ታኅሣሥ 4፣ ጠዋት 12:30

ወንድሜ፣ አሁን ነቅቼ ነው ያየሁት። እናመሰግንሃለን የሚለው ቃል ያንሳል። አልጠፋም፣ ተነቧል። ከዚህ በላይ ካልፈለግህ አንድም ቃል አትጨምር። መናገር ስትፈልግ ደግሞ ሌሊትም ቢሆን በግል ጻፍልኝ።

—

ሽማግሌ_ነኝ
ታኅሣሥ 4፣ ቀን 6:00

አይዞህ ልጄ። አይዞህ።

—

የማታ_ተማሪ
ታኅሣሥ 5፣ ማታ 4:15

ሁሉንም አነበብኩ። አሁን ነው ከትምህርት የመጣሁት። እኔ የቤት ሠራተኛ ነበርኩ፣ 6 ዓመት። አሁን ሻይ ቤት እሠራለሁ፣ ማታ 8ኛ ክፍል እማራለሁ። ፊደል ብሳሳት ይቅርታ።

የቡናዋ ልጅ የጠየቀችው ጥያቄ የኔም ነበር። ለምን እንደማንናገር ልንገራችሁ። ደላላ ነው ያስገባን። ደመወዛችን እመቤቲቱ ጋ ይቀመጣል፣ «ስትሄጂ ትወስጃለሽ» ይባላል። በደሉን ከተናገርሽ የዓመት ደመወዝ ይቀራል። ሌሊት የት ይታደራል? አገር ቤት ደግሞ ለታናናሾቼ ደብተር ትልካለች ብለው ነው የሚጠብቁኝ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ የሚያምነኝ ማን ነው? «ባሌን ልትነጥቂ» ነው የምባለው።

እኔ የምተኛው ማድ ቤት ነበር። በሩ ከውጪ ይቆለፋል፣ ከውስጥ አይቆለፍም። ከረጢት ጤፍ እየጎተትኩ በሩ ላይ አስጠጋ ነበር። ለአንድ ሰው ጤፉ ይከብዳል፣ ግን ሌሊት ሌሊት ጉልበት አገኝ ነበር። ጠዋት ወደ ቦታው እመልሰዋለሁ፣ እንዳይታወቅብኝ።

ስብሰባ ስትጠሩ ረቡዕ ከሰዓት ትጠራላችሁ። ረቡዕ ከሰዓት የምትመጣ ሠራተኛ የለችም። የምትገኘው ማታ ትምህርት ቤት ነው። ወይ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ።

አንድ ጥያቄ ልጠይቅ፣ አትቀየሙኝ። እናንተ ቤት ያለችው ልጅ በሯ ከውስጥ ይቆለፋል?

—

ሕግ_ተማሪ
ታኅሣሥ 5፣ ማታ 4:40

ፊደልሽ ምንም ችግር የለበትም።

ያልሽው የሕግ ሥር አለው። የ2011ዱ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ 1156 ስለ ወሲባዊ ትንኮሳ በግልጽ ጽፏል። ትንኮሳ የደረሰባት ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ሳትሰጥ ሥራዋን መልቀቅ ትችላለች፣ ካሳም አላት። ግን አዋጁ የቤት ሠራተኛን አይሸፍንም። ለእነሱ ለብቻው ደንብ ይወጣል ብሎ ነው ያለፋቸው። ፋብሪካ ያለችው ተጠቅሳለች፣ ቢሮ ያለችው ተጠቅሳለች፣ ማድ ቤት የምትተኛው ቀረች።

የወንጀል ሕጉ ግን ይሸፍናታል፣ የማርቆስ ልጅ አንቀጽ 620ን ያነበበችው ልክ ነው።

—

ገጠር_ነርስ
ታኅሣሥ 6፣ ቀን 7:25

ከረጢት ጤፍ።

እኛ ጤና ጣቢያ ካርድ ክፍሉ መስኮት ላይ መጋረጃ አደረግን። ምን የሚያምሽ ነው የሚለውን ጥያቄም ከዚያ አነሳነው፣ ውስጥ ገብተው ለባለሙያ ብቻ ይናገሩ አልን። ኃላፊያችን ወዲያው ነው እሺ ያለው። ይህን ለማድረግ ይህን ያህል ዓመት ለምን እንደፈጀብን አላውቅም።

—

የማርቆስ_ልጅ
ታኅሣሥ 14፣ ማታ 1:50

ቆየሁባችሁ።

የማታ ተማሪ፣ ጥያቄሽን ያነበብኩት ማድ ቤታችን በር አጠገብ ቆሜ ነው። ቤታችን ያለችው ልጅ ሁለት ዓመት ከእኛ ጋር ኖራለች። በሯን አየሁት። ከውስጥ ምንም የለውም። አንድም ቀን አይቼው አላውቅም ነበር፣ በየቀኑ እየከፈትኩት። በማግሥቱ መቀርቀሪያ ገዝቼ አናጺ ጠራሁ። እሷ ቆማ ታይ ነበር። አናጺው ሲጨርስ ገባችና ቀረቀረችው፣ ከፈተችው፣ ደግማ ቀረቀረችው። ደመወዟንም በራሷ ስም ባንክ ደብተር አውጥተናል። የቤቴን በር ሳላይ መድረክ ላይ ስለ ማን ይወራ ብዬ ስከራከር ነበር፣ ይህን ለእናንተም ለእሷም አምኛለሁ።

የቡናዋን ልጅ አላገኘኋትም። ትሪውን የተከራዩበት ቤት ሄጄ ነበር፣ ለአንድ ቀን የመጣች ናት አሉኝ።

በማታ ተማሪ ምክር ማታ ትምህርት ቤት ሄድኩ። መምህሯ ፈቀደችልኝ፣ ትምህርት ሲያልቅ 10 ደቂቃ። ስለ ሕጉ ተናግሬ ዝም አልኩ። ማንም ምንም አላለም። ስወጣ በር ላይ ሦስት ልጆች ጠበቁኝ። አንዷ የጠየቀችኝ ስለ ደመወዝ ነው፣ ሁለተኛዋ ስለ መታወቂያ። ሦስተኛዋ ምንም ሳትጠይቅ አብራን እስከ መንገዱ ሄደች። በሚመጣው እሑድ ከቅዳሴ በኋላ እኔ ቤት ቡና እንጠጣለን። መድረክ የለም፣ ማይክ የለም። የአፈር ቤት እናት ገበያ ላይ አግኝቻቸዋለሁ፣ «ጀበና ይዤ እመጣለሁ» ብለዋል። የፈለገ ይምጣ።

—

እጅ_ያወራል
ታኅሣሥ 14፣ ማታ 2:15

እህቴን ይዣት እመጣለሁ። አንድ ነገር ብቻ፣ ቤቱ ብርሃን ይኑረው። መብራት ከጠፋ እሷ ታቆማለች። በሻማ እጅ በደንብ አይታይም።

—

የማርቆስ_ልጅ
ታኅሣሥ 14፣ ማታ 2:19

ማታ አይሁን እንግዲህ። 7 ሰዓት ላይ ግቢው ውስጥ እንቀመጣለን። በዚያ ሰዓት ፀሐይ በደንብ አለ።

—

የማታ_ተማሪ
ታኅሣሥ 14፣ ማታ 4:30

7 ሰዓት ይመቸኛል። ቆሎውን እኔ አመጣለሁ።